የደቻቱ ግመልና የአባባ ተካልኝ በር

ተረት አለኝ፤ እግር ያለው ይከተለኝ።

ድሬዳዋ ውስጥ ሂንዲያ የምትባል አስጎብኚ ነበረች። እንግዶቿን በደቻቱ ወንዝ ዳር በእግር እያዞረች አሮጌውን ሰፈር ታሳያለች። ደቻቱ ዝናብ ካልመጣ አሸዋ ነው፤ ሂንዲያ ስለ እሱ ስታወራ ግን ሰሚው ጎርፉ መጣ ብሎ ይሮጣል። የዚያን ቀን ከእንግዶቿ መሃል የሰማንያ ዓመቱ አባባ ተካልኝ ነበሩ። የተወለዱበት ቤት አንዲት ጠባብ መተላለፊያ ጫፍ ላይ ነው። «ልጄ፣ በሩን በእጄ ልንካው፤ ሌላ አልፈልግም» አሏት። አውቶቡሳቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ሐኪማቸውም ከእንግዲህ ረጅም መንገድ ይብቃዎት ብሏቸዋል። ዛሬ ካልሆነ መቼም የለም። ሂንዲያ ይህን ስትሰማ ከእሳቸው ብሳ ጓጓች።

መተላለፊያዋ ጋ ሲደርሱ ግመል ተኝቶባታል፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቷታል። ሂንዲያ ገፋችው፣ ለመነችው፣ ሰደበችው። እሱ እቴ፣ ያመነዥካል። ጌታው ካልጠራው አይነሳም። ግመሉ ካልተነሳ መንገዱ አይከፈትም፤ መንገዱ ካልተከፈተ አባባ ተካልኝ በራቸውን አይነኩም።

ወደ ግመሉ ጌታ፣ ወደ ሐጂ ሮብሌ ሮጠች። ድሬ ላይ አንቱታ በሙቀቱ ይቀልጣልና፣ «ሐጂ፣ ተነስ አቦ፣ ግመልህ መንገድ ዘጋብኝ» አለቻቸው። ሐጂ ጢማቸውን ሂና ተለቅልቀው፣ አገጫቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። «እንዲህ ሆኜ ሰው ፊት ልውጣ? የቧንቧው ውሃ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል። ውሃ አምጪና ልታጠብ።» እንግዲህ ሐጂ ካልታጠቡ ግመሉ አይነሳም፤ ግመሉ ካልተነሳ መንገዱ አይከፈትም፤ መንገዱ ካልተከፈተ አባባ ተካልኝ በራቸውን አይነኩም።

ወደ ውሃ አመላላሹ ገዛኸኝ ሮጠች። ጋሪው ላይ በርሜል ሙሉ ውሃ አለ፤ አህያው ግን አሸዋው መሃል ቀጥ ብሏል። «በጀሪካን ልሸከመዋ» ብትል፣ ጀሪካኖቹ ሁሉ ማዶ ደንበኛ ቤት ናቸው። «የሐብሐብ ልጣጭ አስለምጄው አጠፋሁ» አለ ገዛኸኝ። «ሳይበላ ንቅንቅ አይልም።» ልጣጭ ካልተገኘ አህያው አይራመድም፤ አህያው ካልተራመደ ውሃው አይደርስም፤ ውሃው ካልደረሰ ሐጂ አይታጠቡም፤ ሐጂ ካልታጠቡ ግመሉ አይነሳም፤ ግመሉ ካልተነሳ መንገዱ አይከፈትም፤ መንገዱ ካልተከፈተ አባባ ተካልኝ በራቸውን አይነኩም።

ወደ ሐብሐብ ሻጯ መይሙና ሮጠች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። መይሙና ልጣጩን በዘንቢል ሞልታ ተቀምጣለች።

«አልሰጥሽም» አለቻት። «ዓመት ሙሉ ሰው እየነዳሽ በፊቴ ታልፊያለሽ። ስለ ወንዙ ለአገር ምድሩ ታወሪያለሽ። ለኔ አንድ ቀን አውርተሽልኝ ታውቂያለሽ? እኔ ሰው አይደለሁም?»

ወሬው ካልተወራ መይሙና አትሰጥም፤ መይሙና ካልሰጠች አህያው አይራመድም፤ አህያው ካልተራመደ ውሃው አይደርስም፤ ውሃው ካልደረሰ ሐጂ አይታጠቡም፤ ሐጂ ካልታጠቡ ግመሉ አይነሳም፤ ግመሉ ካልተነሳ መንገዱ አይከፈትም፤ መንገዱ ካልተከፈተ አባባ ተካልኝ በራቸውን አይነኩም። ሰዓቱም ስምንት ተኩል ሆኗል።

ሂንዲያ አፈረች። «እውነትሽን ነው» ብላ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። ልታሳጥረው አሰበች፤ ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ድልድዩንም፣ ባቡሩንም፣ ጎርፉንም አንድ ሳታስቀር አወራችላት። መይሙና ሳቀች፤ ሁለት ቦታ ላይም አረመቻት።

ከዚያማ ምን ያቆመዋል! መይሙና ሰጠች፤ አህያው ተራመደ፤ ውሃው ደረሰ፤ ሐጂ ታጠቡ፤ ጢማቸውን ብርቱካን አስመስለው ወጡና አንዴ ቢጣሩ ግመሉ ተነሳ፤ መንገዱ ተከፈተ፤ አባባ ተካልኝ መዳፋቸውን በራቸው ላይ አሳረፉ። ደስታው አስለቀሳቸው።

ሂንዲያም የለመደችውን ንግግር ቀጠለች፦ «ይህ ቤት ሁሌ ዝግ ነው፤ ባለቤቱ አይታወቅም።»

ከኋላ መይሙና ሰው እየገፋች መጣች። ከአንገቷ ክር ላይ ቁልፍ አወጣች።

«ፈቀቅ በሉ፤ ቤቴ ነው» አለች። «አባባ፣ ግባ።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ሂንዲያ።

«ስታልፊ እኔ ሐብሐቤ ጋ ነኝ። መቼ ጠየቅሽኝ?»

አባባ ተካልኝ ደጃፉ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ተረቴም አብሯቸው አወለቀ፤ ከዚህ ወዲያ መንገድ የለበትም።