ብቻዋን ያበበችው ቼሪ

ተረት ተረት ስላችሁ "የላም በረት" ልትሉኝ አፋችሁን ማሾላችሁን አያለሁ። ዛሬ ላሚቱን ተዉአት፣ ትረፍ። በረቱን ለዛፍ ልቀቁልኝ፤ ለሁለት ዛፍ። ሁለት መሆናቸውን ደግሞ እንዳትረሱብኝ፤ ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው እሱን የረሳ ሰው ስላለ ነው።

በድሮ ዘመን፣ ዛፍ ስታወራ ሰው በሚሰማበት ጊዜ (ዛሬም ታወራለች፣ ሰሚው ነው የጠፋው)፣ ውርጭ በሚወርድበት አንድ የደጋ አገር ማንያዘዋል የሚባል ገበሬ ከሚስቱ ከስንዱ ጋር ይኖር ነበር። ከቤታቸው ጀርባ ሁለት የቼሪ ዛፎች ነበሩ። ቼሪ ማለት ያቺ ክብ፣ ቀይ፣ እንደ ጉትቻ በቀጭን ዘንግ ተንጠልጥላ የምትበስል ፍሬ ናት። ችግኞቹን ከሩቅ አገር ያመጧቸው የማንያዘዋል አባት ናቸው። የአንደኛዋ ዛፍ ፍሬ ትልልቅ፣ ሲጎርሱት ማር ነው። ሁለተኛዋ ቀጫጫ ናት፤ ፍሬዋም ትናንሽ፣ ሲቀምሱት ፊት የሚያጨማድድ፣ ወፍ ብቻ የሚበላው። ሽማግሌው ሊሞቱ ሲሉ እንዲህ አሉ፦

"ጣፋጯ ለሰው፣ ኮምጣጣዋ ለወፍ። የወፍን ድርሻ አትንኩ።"

ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። የድሮ ሰው ትእዛዙን ይሰጣል እንጂ ምክንያቱን አይነግርም፤ እኛም በዚህ ስንት ነገር አጣን!

በየዓመቱ ፍሬው ሲደርስ አንድ ሲራራ ነጋዴ በቅሎውን እየነዳ ይመጣል። ባልና ሚስቱ ፍሬውን ከነዘንጉ ይለቅማሉ፤ ዘንጉ ከተነቀለማ ፍሬው ደምቶ መንገድ ላይ ይበሰብሳል። ቅጠል በተነጠፈበት ቅርጫት ይደረድሩለታል፤ እሱም በምትኩ እህልና ጨው፣ አንዳንዴም ኩታ ያራግፍላቸዋል። በዚያ አገር ገብስ አንድ ዓመት ይይዛል፣ በሌላው ውርጭ ይመታዋል። ቤቱን ያቆመችው ያቺ ጣፋጭ ዛፍ ነበረች።

አንድ ዓመት ነጋዴው በቅሎዋን ከጣፋጯ ዛፍ ግንድ ላይ አሰራትና ወደ ቤት ገባ። በቅሎ ደግሞ ሥራ ስትፈታ አፏ አያርፍም።

"እመቤቴ፣" አለች በቅሎ፣ "እዚህ ጓሮ ቆመሽ ዓለም የሚለውን አትሰሚም።"

"ምን ይላል?" አለች ዛፏ። ቅጠሏ ሁሉ ጆሮ ሆነ።

"ከባሕር ማዶ ዘመዶችሽን በመርከብ ይጭኗቸዋል፤ እንዳይሞቃቸው በበረዶ ከበው። አንዱ አገር ፍሬውን አንድ በአንድ በጥጥ ጠቅልሎ ለንጉሥ ይሰጣል። አንዱ አገር ዘመን ሲለወጥ ቼሪ ያልላከ ዘመድ ይኮረፋል። አንዱ አገር ደግሞ ፍሬውንም አይፈልግ፤ አበባውን ለማየት ብቻ ሕዝቡ ሥራ ፈትቶ ከዛፍ ሥር ይውላል።"

በቅሎዋ ባሕር አይታ አታውቅም። ወሬውን ከነጋዴዎች ማደሪያ ነው የለቀመችው።

"ስለ እኔስ ምን ይላሉ?" አለች ዛፏ።

"ስለ አንቺማ... ልናገር ወይስ ይቅር?"

እንዲህ ብሎ የሚጀምርን ፍጡር ፈጽሞ አትመኑ!

"ተናገሪ እንጂ!"

"ፍሬሽን ይወዱታል። ግን ያቺ አጠገብሽ ያለችውን ቀጫጫ ሲያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደመጣች ታውቂ የለ?"

አባትሽ ማን ነው ሲሏት "ፈረስ አጎቴ ነው" የምትል በቅሎ ስለ አህያ ስትተርት አይገርማችሁም? ዛፏን ግን አልገረማትም። አሰጋት። በቅሎዋ ሄደች፤ ስጋቱ ግን እዚያው ቀረ። ፍሬዬ መኮምጠጥ ጀምሮ ይሆን? ከሥር ሥሬን እየነካችኝ ይሆን? ነጋዴው ባይመለስስ? ጣፋጯ ዛፍ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደህና ፀሐይ እንኳ አልሞቀችም።

ማንያዘዋልን ጠራችው። "ያቺ ጎረቤቴ ውሃዬን ትጠጣብኛለች።"

"ምንጩ ለሁለታችሁም ይበቃል" ብሏት ሄደ።

ደግማ ጠራችው። "ፀሐዬን ትከልልብኛለች።"

"ለጠዋት ብቻ ነው፣ ቻይው" ብሏት ሄደ።

ለሦስተኛ ጊዜ ጠራችው። "ወፎቹን የምትጠራቸው እሷ ናት። ዛሬ የእሷን ይበላሉ፣ ነገ የእኔን ይለምዳሉ። ያን ጊዜ ነጋዴው ባዶ ቅርጫት አይቶ ሲመለስ ስንዱን ምን ታበላታለህ?"

ይኼኛው ገባበት። ፍርሃት እንደ ጉንፋን ነው፤ አጠገብ የቆመውን ሳይዝ አይለቅም። ማንያዘዋል ምሳሩን አነሣ።

ስንዱ ከቤት ሮጣ ወጣች። "አንተ ሰው፣ ተው! የወፍ ድርሻ ነው፤ አባትህ አትንኩ ብለው የለም ወይ?"

"በአባቴ ዘመን ወፍ የበላው አይበቃም? እኔ የምፈራው የሚመጣውን ነው" አላት።

ንብም መጣች፤ በጆሮው ዙሪያ እየዞረች "ተው፣ ተው፣ ኋላ ይቆጭሃል!" አለችው። በነጠላው አባረራት።

ኮምጣጣዋ ዛፍ ወደ ጎረቤቷ ዞረች። "እህቴ፣ አብረን ተተከልን፣ አብረን አደግን። ምን በደልኩሽ?"

ጣፋጯ ዛፍ ቅጠሏን ገልብጣ ያልሰማች መሰለች። ይህን ስናገር እኔ ራሴ አፍራለሁ፤ እሷ ግን ያን ቀን አላፈረችም።

ኮምጣጣዋ ወደቀች። ስትወድቅ የምሳሩ አሮጌ ዛቢያ ተሰንጥቆ ነበርና፣ ማንያዘዋል ከወደቀችው ዛፍ ቀጥ ያለውን ቅርንጫፍ መርጦ፣ ልጦና ጠርቦ አዲስ ዛቢያ አበጀለት። ምሳሩንም በጓሮው በኩል ካለው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። በጉቶው ላይ ሳማ በቀለበት፤ የሚያስታውሰውም ጠፋ።

ብርዱ ሲያልፍ ጣፋጯ ዛፍ አበበች። እንዲህ አብባ አታውቅም! ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆነች፤ መንገደኛው ሁሉ እየቆመ አደነቃት። ንብ መጣች፣ ከአበባ አበባ ዞረች፣ ምንም ሳትናገር ሄደች። አበባውም ረገፈ። ከዚያ ሁሉ አበባ አንዲት ፍሬ እንኳ አልተቋጠረችም።

"ውርጭ መታኝ" አለች ዛፏ። ማንያዘዋል አመናት። ነጋዴው ባዶ ቅርጫቱን ይዞ ተመለሰ።

በሁለተኛው ዓመትም አበበች፤ አበባውም እንዳለ ረገፈ።

"ነፋስ አራገፈኝ" አለች። ማንያዘዋል እየከበደው አመናት፤ ፍግ አፈሰሰላት፣ አጥር አጠረላት። ነጋዴው ግን "አያ ማንያዘዋል፣ የእኔም በቅሎ ገለባ ትበላለች። የሚመጣው ዓመት ከሌለ መንገዴን እቀይራለሁ" ብሎት ወጣ። ስንዱ ያን ክረምት ከጎተራው ሥር ጠርጋ የተረፈውን ገብስ አወጣች።

ሦስተኛው ዓመት ደረሰ። እምቡጡ ሲያብጥ ማንያዘዋል ከዛፏ ፊት ቆመ። መሬት መሬት ነበር የሚያየው።

"አበባ ቆርጥሜ አላድርም፤ ሚስቴም አበባ አትጋግርም። ዘንድሮ ካልያዝሽ ማገዶ ትሆኛለሽ፤ በቦታሽ ገብስ እዘራለሁ።"

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ምሳሩን ይሞርዳል። ሽቅ ሽቅ፣ ሽቅ ሽቅ። ያ ድምፅ ወደ ሥሯ ይወርዳል። አበባዋ ተከፈተ፤ እሷ ግን ውበቷን ማየት አልቻለችም። "ነፋሴ፣ እባክህ ዛሬ እለፈኝ። ውርጬ፣ እባክህ ወደ ቆላ ውረድ" ትላለች። ነፋስም ውርጭም በዚያ ዓመት አልነኳት። አበባው እንደሆነ መጠውለግ ጀምሯል።

ንብ ስትመጣ ጮኸችባት። "አንቺ ነሽ! ማሬን ትወስጂና ፍሬ አትሰጪኝም!"

"እኔ ፍሬ ከየት አባቴ አመጣለሁ?" አለች ንብ። "እኔ ተላላኪ ነኝ። ከዚያች ከኮምጣጣዋ አበባ ዱቄት በእግሬ እያመጣሁ ላንቺ አበባ እረጭ ነበር። አንቺ በራስሽ ዱቄት አታፈሪም፤ ተፈጥሮሽ ነው። እሷ ነበረች የምታስይዝሽ።"

ከዛፏ ጫፍ የመጀመሪያዎቹ አበቦች ረገፉ።

"ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?" አለች ዛፏ።

"ስናገር በነጠላ አባረረኝ፤ አንቺም እያየሽ ነበር።"

"ሌላ የለም? ከተራራው ማዶ? ከወንዙ ማዶ?"

"ያገሩን አበባ ሁሉ አውቃለሁ" አለች ንብ። "የለም።"

አበባዋ ከጫፍ ጀምሮ ረገፈ። ላይኛው ተራቆተ፣ መሐሉ ተራቆተ። በቤቱ ጥላ ሥር ያለች፣ ዘግይታ የምታብብ አንዲት ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ብቻ ቀረች። በዚያው ጠዋት የሞረዱ ድምፅ ቆመ። ሲሞርድ ስትሰጋ የነበረች ዛፍ፣ ሲያቆም ይባስ ደነገጠች።

ማንያዘዋል ምሳሩን ይዞ መጣ። ከፍ ሲያደርገው ዛቢያው ከእጁ ውስጥ ተናገረ።

"እህቴ፣ አወቅሽኝ?"

ዛፏ ድምፁን አወቀችው። "አወቅኩሽ። እንግዲህ ተራሽ ነው፤ አልፈርድብሽም።"

ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ ሁሉ "እንብላው እንብላው" ነው ይባላል። ታዲያ በግፍ ከተቆረጠች ዛፍ የተሠራ ዛቢያ ምን ይላል? እኔም እንደናንተ ክፉውን ነበር የጠበቅኩት።

ማንያዘዋል ሰነዘረ። ዛቢያው በመዳፉ ውስጥ ዞረ፤ ምሳሩ በጎኑ አረፈ። ደግሞ ሰነዘረ። ዛቢያው አዳለጠው፤ ልጧን ጭሮ አለፈ። ለሦስተኛ ጊዜ ሰነዘረ። ምሳሩ ከዛቢያው ወልቆ በረረና ሳማው መሐል ገባ።

"ለምን ተውሽኝ?" አለች ዛፏ።

"ለአንቺ ብዬ አይምሰልሽ" አለ ዛቢያው። "ልጄ እዚያ ሳማ ውስጥ ታፍናለች። ሰው እንዲደርስላት ነው።"

ማንያዘዋል እየተራገመ ምሳሩን ሊፈልግ ሳማውን ገለጠ። እጁን ለበለበው። ከሳማው ሥር ያ የተረሳ ጉቶ አቆጥቁጧል፤ ክንድ የማታክል ቀጭን ቅርንጫፍ ወጥታለች፤ በጫፏም ጥቂት ነጭ አበቦች አሉ። ከሳማው ጋር ሊነቅላት እጁን ሲዘረጋ ስንዱ ደረሰች።

"እንዳትነካት! አንድ ጊዜ አልሰማኸኝም፤ ቤታችን ያየውን አየ። የወፍ ድርሻ ናት፣ ተዋት!"

ማንያዘዋል የሚቃጠል እጁን እያሸ አያት። ዘንድሮ የሚከራከርበት አንጀት አልነበረውም። "እሺ" አለ፤ ምሳሩንም ዛቢያውንም እዚያው ጥሎ ወደ ቤት ገባ።

ጣፋጯ ዛፍ ወደ ታች አየች። ጎንበስ ብላ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

"ልጄ፣ ከአበባሽ ዱቄት ትሰጪኛለሽ?"

"እናቴን ታውቂያት ነበር?" አለች ቡቃያዋ።

"አውቃት ነበር።"

"ማን አስቆረጣት?"

ዛፏ ውርጭ፣ ነፋስ ማለት ለምዳ ነበር። ንብም ዛቢያውም ያዳምጣሉ።

"እኔ" አለች ዛፏ። "ፈርቼ። እኔ ነኝ ያስቆረጥኳት።"

ያቺ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ በዚህ መሐል አንድ አበባ ጣለች፤ ሌላም ጣለች።

"ውሰጂ" አለች ቡቃያዋ በመጨረሻ። "ይቅር ብዬሽ አይደለም፤ እሱን ገና አላወቅኩትም። ካላፈራሽ ግን ሰውዬው ጓሮውን ጠቅላላ ያርሰዋል፤ እኔም አብሬ መሄዴ ነው።"

ንብ አንዴ እንኳ ሳታርፍ ተመላለሰች።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጥበቃ ምን ብዬ ልንገራችሁ? አረንጓዴ እንክብሎች ታዩ። ገሚሱ ቢጫ ሆኖ ወደቀ። በረዶ ያዘለ ደመና መጥቶ ከራስጌ ቆመ፤ ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ፤ ደመናው ወደ ሌላ ሸለቆ ሄደ። የቀረው ቀላ። ነጋዴው ሲመጣ ስንዱ ያለውን ሁሉ በሁለት እጇ አፍሳ ቀረበች።

"ለዚህ ነው ተራራ የወጣሁት?" አለች በቅሎ።

ነጋዴው አንዷን ቀምሶ ዓይኑን ጨፈነ። "ራሷ ናት" አለ። "የሚመጣው ዓመት እመለሳለሁ።" አንድ ስልቻ ገብስም ትቶላቸው ሄደ። ማንያዘዋል ዛቢያውን ከቡቃያዋ አጠገብ ተክሎ በልጥ አሰራት፤ እናት ለልጇ ምርኩዝ ሆነች። የቡቃያዋን ትናንሽ ፍሬ ማንም አልነካውም፤ ወፎች በሉት።

ጣፋጯ ዛፍም ከዚያ ወዲህ ብርዱ ባለፈ ቁጥር፣ አንዲት እምቡጥ ሳትከፍት በፊት፣ ወደ ታች ጎንበስ ብላ "ደህና አደርሽ ወይ?" ትላለች። እስካሁንም መልሱ አንዳንዴ ይዘገያል።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌንም በዳቦ ሳይሆን በፍሬ አብሱልኝ፣ ከጣፋጯም ከኮምጣጣዋም። ጎረቤታችሁን ልታስቆርጡ አፋችሁን ስትከፍቱም ይህችን ያዙ፦ ብቻውን ያበበ ብቻውን ይረግፋል።