አቶ ቀበሮ በጭቃ ልብ ሲመረምር

አንድ ጊዜ፣ በጋው በጸናበት ዓመት፣ የቅርቡ ምንጭ ደረቀና የዱር እናቶች ውሃ ፍለጋ ሩቅ መውረድ ግድ ሆነባቸው። ልጆቻቸውን ከድሮም የምትጠብቅላቸው እመት አህያ ነበረች። ዘንድሮ ግን አቶ ቀበሮ «ልብ የሚመረምር ፈተና አለኝ» ብሎ ንጉሡን አያ አንበሶን አሳመነውና፣ ጠባቂ በፈተና ይመረጥ ተባለ።

ፈተናው ይህ ነው፤ ቀበሮ መዳፉን ጭቃ ውስጥ ነክሮ ነጭ ድንጋይ ላይ ያትምና፣ ተፈታኙ የሚታየውን ሲናገር ልቡን ያነብለታል። እመት አህያ ተራዋ ሲደርስ ድንጋዩ ፊት ቆመች።

«ምን ይታይሻል?»

«ጭቃ።»

«ጭቃው ምን ይመስላል?»

«የጅብ ጥርስ።»

ቀበሮ ራሱን ነቀነቀ። «ፍርሃት የገዛው ልብ ነው። ለጥበቃ አይሆንም።»

«ስለምፈራ አይደል እንዴ የምጠብቀው?» አለች፤ የሰማት የለም።

ቀጥሎ ጥንቸል «አበባ» ብላ «የዋህ ልብ» ተባለች፤ ለጠባቂነት ግን አነሰች። ከኋላዋ የቆመው አያ ጅቦ ይህን ሰምቷል። ድንጋዩን ሲያይ የታየው ጉበት ነበር፤ ምራቁን ውጦ «አበባ ነው፣ ትልቅ አበባ» አለ። ቀበሮም «የዋህ ልብ፣ በዚያ ላይ ግዙፍ አካል» ብሎ መረጠው። የጅብን ነገር የማያውቅ አልነበረም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

እመት አህያ እግሯን እየጎተተች አንበሶ ዘንድ ሄደች። «ጌታዬ፣ በዚህ ፈተና ያለፈ ከዚህ ቀደም ልጅ ጠብቆ ያውቃል? ሄዶ ያየስ አለ?»

«ቀበሮ ጥሩ ነው ብሎኛል።»

«ቀበሮስ በምን አወቀ?»

አንበሶ አዛጋ። «እኔ ክርክር ሰልችቶኛል፣ እመት አህያ። ፈተና ክርክር ይቆርጣል።»

«እኔም ደክሞኛል፣ ጌታዬ። ግን የእኔም ልጅ ከሚጠበቁት መካከል ናት። አንድ ጠዋት ብቻ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆነን ጅቦን እንየው።»

እንድትተወው ብሎ እሺ አላት።

በማግስቱ እናቶቹ ውሃ ወረዱ፤ አንበሶና እመት አህያ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደበቁ። ጅቦ በልጆቹ መካከል ተቀመጠ፤ ለጥቂት ጊዜም እውነተኛ ጠባቂ መሰለ። ከዚያ የእመት አህያ ውርንጭላ ልትጫወት ጠጋ አለችው። ዙሪያውን ቃኘ፣ ጭኗን ላሰ፣ ነከሰ። እናቲቱ ጮኸች፤ አንበሶ ዘልሎ ሲወጣ ጅቦ ፈረጠጠ። ውርንጭላዋ ተረፈች፤ የኋላ እግሯ ግን ከዚያ ወዲያ አልቀናም። እመት አህያ ቁስሉን እየላሰች አለቀሰች።

አንበሶ ቀበሮን አስጠራው። «ፈተናህ ያደረገውን አየህ?»

ቀበሮ ድንጋዩን አገላብጦ መረመረ። «ጌታዬ፣ ፈተናው እንከን የለበትም። የተሳሳተው ጅቡ ነው።»

አንበሶ አዛግቶ ፊቱን አዞረ። ቀበሮም አዲስ ድንጋይ ፍለጋ ሄደ፤ እንስሳቱም ተመልሰው ተሰለፉ። እመት አህያ አልተሰለፈችም። የምታነክስ ልጇን በጎኗ አስደግፋ ከዛፉ ሥር ቆመች፤ ማንም ሳይመርጣት፣ እናቶቹ አንድ በአንድ ልጆቻቸውን እሷ ዘንድ እየተዉ ውሃ ወረዱ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሰውን የሚመዝን ፈተና አስቀድሞ ራሱ በሥራ መመዘን እንዳለበት፣ ሳይመዝኑት ያመኑት ደግሞ ዋጋውን ሌላውን እንደሚያስከፍሉ ነው።