ጦጣዋ ያልፈራችው የፕላስቲክ እባብ

ነገሩ የተበላሸው ማክሰኞ ዕለት ነው። የዳና ነገር ድሮም የሚበላሸው ማክሰኞ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ በዕፅዋት ሳይንስ ዲግሪው የተቀጠረበት መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ያሰናበተው ማክሰኞ ነበር። «ጥፋቴ ምንድን ነው?» ብሎ ጸሐፊዋን ጠየቀ፤ ጸሐፊዋ ወደ ክፍል ኃላፊው ላከችው፤ ክፍል ኃላፊው ወደ አስተዳደር ኃላፊው ወደ ጋሽ ላቀው ላከው፤ ጋሽ ላቀው ደግሞ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው አቀኑና «ከላይ ነው» አሉ። ከዚያ በላይ የሚነግረው ጠፋ።

በዚያው ሳምንት አርባ ምንጭ፣ ጓሮው ውስጥ፣ አንድ ማንጎ ተከለ። ማንጎው አደገ፤ አፈራም። ግን ጦጣ ይቀድመዋል። ዳና በሃያ ሁለት ዓመት ከገዛ ዛፉ አንድም የበሰለ ፍሬ አልቀመሰም።

ዘንድሮ ከገበያ አረንጓዴ የፕላስቲክ እባብ ገዛ። ሙያ ያለው እባብ ነበር። የጋሽ ላቀው ባለቤት ወይዘሮ ብርነሽ፣ አጥር የሚጋሩ ጎረቤቱ፣ ተውሰው ስኳር ዕቃቸው ላይ ቢጠመጥሙት የልጅ ልጆቻቸው ስኳር መቃም ተዉ። ጤፍ ጆንያው ላይ ቢያጋድሙት አይጥ ጠፋ። ሶፋው ላይ ቢያስቀምጡት ወሬ የማይጠግቡ እንግዳቸው ሳይቀመጡ ተሰናበቱ። ዳና አስመልሶ ማንጎው ላይ ሰቀለው። ጦጣ ቀረ። ጫፍ ላይ አንዲት ማንጎ ብስል ብላ ቢጫ ሆነች።

ማክሰኞ ጠዋት ሊያወርዳት ቢወጣ፣ ነፋስ እባቡን ጥሎታል፤ የወይዘሮ ብርነሽ ዶሮ ጥቅልሉ መሃል ገብታ እንቁላል ጥላበታለች። አንዲት ጦጣ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ጉዱን ታያለች።

ዳና እባቡን መልሶ ሰቀለና «ጦጣ ሆይ፣ እባቡን ፍሪ፤ ማንጎዬን ልብላ» አላት።

«ዶሮ እንቁላል የጣለችበትን እኔ ልፍራ? መጀመሪያ ዶሮ ትፍራ። ሂድና አጣራ፤ እስኪጣራ ማንጎዋን አልነካትም። እኔም ግራ ገብቶኛል» አለች።

ዳና ወደ ዶሮ ሄደ። «ዶሮ ሆይ፣ እባቡን ፍሪ። አንቺ ካልፈራሽ ጦጣ አትፈራም፤ ጦጣ ካልፈራች ማንጎዬን አልበላም።»

«ድመቷ የእባቡን ጭራ ስታኝክ እያየሁ? ድመት ከሸሸች እሸሻለሁ» አለች ዶሮ።

ወደ ድመት ሄደ። «ድመት ሆይ፣ ሽሺ። አንቺ ካልሸሸሽ ዶሮ አትሸሽም፤ ዶሮ ካልሸሸች ጦጣ አትፈራም፤ ጦጣ ካልፈራች ማንጎዬን አልበላም።»

ድመት አዛጋች። «ውሻው ሳይጮህ የምን ሩጫ ነው?»

ወደ ውሻ ሄደ። «ውሻ ሆይ፣ ጩኽ። አንተ ካልጮህክ ድመት አትሸሽም፤ ድመት ካልሸሸች ዶሮ አትሸሽም፤ ዶሮ ካልሸሸች ጦጣ አትፈራም፤ ጦጣ ካልፈራች ማንጎዬን አልበላም።»

«እመቤቴ ስኳር ዕቃ ላይ ሲጠመጥሙት በዓይኔ አይቻለሁ። እሳቸው ይጩኹ፤ እኔ እከተላለሁ።»

ዳና ማን ማንን እንደሚጠብቅ እየተምታታበት ወደ ወይዘሮ ብርነሽ ሄደ። «እባክዎ ይጩኹልኝ። እርስዎ ካልጮኹ ውሻ አይጮህም፤ ውሻ ካልጮኸ ድመት አትሸሽም፤ ድመት ካልሸሸች ዶሮ አትሸሽም፤ ዶሮ ካልሸሸች ጦጣ አትፈራም፤ ጦጣ ካልፈራች ማንጎዬን አልበላም።»

«ውይ አቶ ዳና! ምን ነካዎት? ባሌ በረንዳ ላይ ጋዜጣውን እያነበበ እኔ ብቻዬን ብጮህ ሰፈሩ ምን ይለኛል? እሱ ከዘለለ እጮሃለሁ።»

ወደ ጋሽ ላቀው ሄደ። «ጋሽ ላቀው፣ ይዝለሉልኝ። እርስዎ ካልዘለሉ ባለቤትዎ አይጮኹም፤ እሳቸው ካልጮኹ ውሻ አይጮህም፤ ውሻ ካልጮኸ ድመት አትሸሽም፤ ድመት ካልሸሸች ዶሮ አትሸሽም፤ ዶሮ ካልሸሸች ጦጣ አትፈራም፤ ጦጣ ካልፈራች ማንጎዬን አልበላም።»

ጋሽ ላቀው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «የገዛኸው አንተ፣ የሰቀልከው አንተ፣ የተማርከው አንተ! አንተ ሳትፈራ እኔ ምን ቤት ነኝ? አንተ ከዘለልክ እዘላለሁ።»

ዳና ከአጥሩ ማዶ ማንጎው ላይ የተንጠለጠለውን እባብ አፍጥጦ አየው። ለመፍራት ሞከረ። ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። ፕላስቲክ ነው። ደግሞ ሞከረ። ፕላስቲክ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ ዞሮ ዞሮ የመጣው ወደ ራሱ መሆኑ ገርሞት ቆመ።

ጋሽ ላቀው ግን አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «እንዲያውም ረስቼው፤ ደብዳቤ መጥቶልሃል።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ዳና ዘለለ! የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ገልብጦ ዘለለ። እሱ ሲዘል ጋሽ ላቀው ወንበሩ ላይ ዘለሉ፤ ጋሽ ላቀው ሲዘሉ ወይዘሮ ብርነሽ ጮኹ፤ ወይዘሮ ብርነሽ ሲጮኹ ውሻ ጮኸ፤ ውሻ ሲጮህ ድመት ሸሸች፤ ድመት ስትሸሽ ዶሮ ሸሸች፤ ዶሮ ስትሸሽ ጦጣ «ለካ እውነት ነው!» ብላ በአጥሩ ላይ ተፈተለከች። ቅርንጫፉ ተናወጠ። ማንጎዋ ሣሩ ላይ ዱብ አለች።

ዳና ወደ ጓሮው ሮጦ አነሳትና ገመጣት። ጭማቂው እስከ ክርኑ ወረደ። እንዲህ ትጣፍጣለች ብሎ አላሰበም ነበር።

ተመልሶ ወረቀቱን ከጋሽ ላቀው ተቀበለና ገልጦ አየው። የእድር ስብሰባ ጥሪ ነው።

ጋሽ ላቀው አሁንም ወንበሩ ላይ ቆመዋል። «ምን አይተህ ነው የዘለልከው?»

«እርስዎስ?»

«አንተን አይቼ ነዋ!»

ዳና ፍሬዋን በእጁ እንደያዘ ቀረባቸው።

«ያን ማክሰኞስ? ጸሐፊዋ ክፍል ኃላፊውን አይታ ፈራች፤ ክፍል ኃላፊው እርስዎን አይቶ ፈራ፤ እርስዎ ማንን አይተው ፈሩ? ደብዳቤው ፊርማ ነበረው? ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ ያየ ሰው ነበር? ሕይወት ያለው እባብ ነበር ወይስ ፕላስቲክ? እዚያው ወንበሩ ላይ ይቁሙ፣ ግድ የለም። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ጋሽ ላቀው፣ ይመልሱልኝ!»