የውዳላት ጎባጣ ግድግዳ

«ተረት ተረት!»

«የቤት መሠረት!»

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? እራት አልበላችሁም እንዴ? ድገሙት!

«የቤት መሠረት!»

እንዲህ ነው እንጂ።

በድሮ ዘመን ውዳላት የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞተና አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ትቶላት ሄደ። ቤቱ የስንት ክረምት ዝናብ ወርዶበት ግድግዳው ተሰነጣጥቋል። አንዱ ጎኑማ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቶ ወጥቷል። ቢሆንም ቤቷ ነው። ሌላ መግቢያ የላትም።

የባሏ ታላቅ ወንድም ደምለው ይባላል። አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው አይደል የሚባለው? ብቻዋን መቅረቷን አየና ሽማግሎች ፊት ቆመ።

፦ የወንድሜ ቤት ሊወድቅ ነው። ይፍረስና ቦታው ለእኔ ይሁን። እሷም ወደ ዘመዶቿ ትሂድ፤ አለ።

ሽማግሎቹም መከሩና፦ ለኅዳር ሚካኤል እንመጣለን። ግድግዳው ጠንቶ ካገኘነው ቤቱ የውዳላት ነው። ካልሆነ ይፈርሳል፤ አሉ።

ውዳላት ደነገጠች። እየሮጠች ወንዝ ወረደች። ከገደሉ ነጭ አፈር ቆፍራ አመጣችና በጠበጠች። ከዚያም ስንጥቅ ሳትል አቧራ ሳትል ለቀለቀችው። ቤቱ ነጣ! እሷም፦ እሰይ! ብላ ተኛች። ጠዋት ብትነሳ ነጩ አፈር ተልጦ መሬት ላይ ወድቋል። ስንጥቁም ያፈጥባታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!

ደምለው በዚያ ሲያልፍ አየና፦ ላዩን ነጭ፣ ውስጡን ለቄስ! ብሎ እየሳቀ ሄደ። አንተ ደግሞ እዚያ ጥግ ያለኸው፣ አብረኸው አትሳቅ!

ውዳላት አለቀሰች። አልቅሳ አልቅሳ ተናደደች። ግድግዳውን በጥፊ አለችው። ቡም! አለ። አለፍ ብላ መታችው። እዚያ ድፍን ነው።

፦ እህ! አለች። ለካ አንዳንድ ቦታ ጭቃው ከእንጨቱ ለቋል። ቡም ያለውን ሁሉ ፈነቀለችው። ቤቱን አድናለሁ ብሎ ቤቱን የሚያፈርስ ሰው አይታችኋል? እሷ አደረገችው።

ከዚያም ጭቃ አቡክታ ቀዳዳውን ሞላች። ደረቀና እሱም ወደቀ። ወይ ጣጣ! አሮጌውን ግድግዳ ብትዳስሰው እንደ አመድ ደርቋል። ውኃ ረጨችበት፤ ጠጣው። ደግማ ረጨች፤ አሁንም ጠጣው።

፦ አንተ! ለካ ጠምቶህ ነው የአዲሱን ጭቃ ውኃ የምትመጥበት! አለችው።

እስኪጠግብ አጠጣችው። የጤፍ ጭድ የገባበትን ጭቃ እስኪሸት አቦካችና መረገችው። መንደሩ አፍንጫውን ያዘ። ይያዝ! ምን ገዷት። ሲደርቅ በእበት ለሰነችው። በመጨረሻም ነጩን አፈር ቀብታ በለስላሳ ድንጋይ አሸችው። ጎባጣውን ግን አላቃናችውም። እንጨቱ ጎብጧል እንጂ ጤነኛ ነው። ላቅናህ ቢሉት ይሰበራል።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ደምለው ብልጥ ነኝ ባይ ነው። ቤቴን አይተው የእሷን ይናቁ ብሎ በዋዜማው የራሱን ግድግዳ በነጭ አፈር ለቀለቀና ሽማግሎቹን አስቀድሞ ምሳ ጠራ። እነሱም ግድግዳውን ተደግፈው በሉ፣ ጠጡ። ከዚያም ጥቁር በርኖሳቸውን እንደለበሱ ወደ ውዳላት ቤት መጡ። መንደሩም ተከተለ።

፦ ተመልከቱ! አለ ደምለው። ቀባችው እንጂ ጎባጣ ነው። ይህ ቤት ይባላል?

የሽማግሎቹ አለቃ አባ ጓንጉል ዕድሜ ያጎበጣቸው፣ በከዘራ የሚሄዱ ሰው ናቸው።

፦ ምን ትያለሽ ልጄ? አሏት።

ውዳላትም ተናገረች።

፦ አባቴ፣ ጎብጧል፤ አልዋሽም። ነገር ግን ጤነኛ ነው። የጎበጠ ሁሉ ይፍረስ ከተባለማ ነገ ማን ይዳኘናል?

አባ ጓንጉል ወገባቸውን ያዙና ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸው መጣ። እየሳቁ ዞር ሲሉ መንደሩ በሙሉ፦ ኧረ! አለ። የበርኖሳቸው ጀርባ ዱቄት የተነፋበት መስሏል። የሌሎቹም ሽማግሎች እንደዚያው ነው!

፦ አባቶቼ፣ ምን ላይ ተደግፋችሁ መጣችሁ? አለች ውዳላት።

ሁሉም ደምለውን አዩት። ደምለው መሬት መሬት አየ። አባ ጓንጉል በርኖሳቸውን አስራገፉና ያንኑ ጎባጣ ግድግዳ ተደገፉት። ተሻሹበት እንጂ! ከዚያም ዞረው፦ እስቲ እዩኝ! አሉ። በርኖሱ ጥቁር እንደሆነ ነው።

፦ ቤቱ የውዳላት ነው! ከዛሬ ወዲያ ይህን ግድግዳ የነካ የእኛን ጀርባ ነካ! አሉ።

እልልታው ቀለጠ። የውዳላት ደስታ ልክ የለውም። ደምለው ሹልክ ሊል ሲል አየችውና በሯን ወለል አድርጋ ከፈተች።

፦ አያ ደምለው፣ ወዴት ነው? ግባ እንጂ። በእኔ ቤት እንግዳ ደጅ አይቆምም፤ አለችው።

ተረቴን ሰማችሁ፣ እንግዲህ ዳቦ ቁረሱ፤
ለደከመው አፌ ቶሎ ድረሱ!