በአጥር ሥር ያደመጠው ነጋዴ

አንድ የሸማ ነጋዴ ነበረ። ዐሥራ ሁለት ሸማኔዎችን በአንድ ሰፊ ቤት ሰብስቦ ያሠራ ነበር። ጋቢ ከሁለት ወርድ ተጋጥሞ ነው የሚሰፋው፤ አንዱን ወርድ አንዱ ሸማኔ፣ ሌላውን ጎረቤቱ ይሠራዋል። ነጋዴው በር ላይ ወንበሩን አውጥቶ ይቀመጥና ማን እንዳዛጋ፣ ማን ውሃ ሊጠጣ እንደ ተነሣ ሲያይ ይውላል። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የሚሉትን እሱ ለሥራም አድርጎት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበረ እንጂ። ታገሠኝ ልጄ ወርቅነህ፣ ወደ ጥያቄህ እመጣለሁ።

በአንዱ ዓመት ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞልቶ ወደ ሰፈሩ ወጣ። በሰፊው ቤት ሸማኔ እግሩን የሚከትበት ጉድጓድ ሁሉ ባንድ ቀን ውሃ ሞላው። ነጋዴው ደግሞ ለመስቀል የሚደርስ ሠላሳ ጋቢ ከአንድ ትልቅ ቤት ታዝዞ ነበር። ቃሉን ቢያጥፍ ከዚያ ወዲያ የሚያምነው አያገኝም። ራሱን ይዞ ሲቀመጥ በዕድሜ የገፋው ሸማኔ ቀረብ ብሎ፣ ሁላችንም ውሃው ባልደረሰበት በየቤታችን ጉድጓድም የሽመና ዕቃም አለን፣ ክሩን ያካፍሉንና እዚያው እንሥራ አለው። ነጋዴው ሌላ መላ ቢያጣ እሺ አለ። አፉ እሺ ይበል እንጂ ልቡስ አላለም።

ከማግስቱ ጀምሮ እግሩ አላርፍ አለው። ጥላውን ይዞ በየአጥሩ ሥር እየቆመ ያደምጥ ጀመር። ዕቃው ጓ ጓ ሲል ከሰማ ያልፋል፤ ዝም ካለ ከደጅ ሆኖ ይጣራል። ሰው መቼም ብልሃት አያጣም፤ በሦስተኛው ቀን ሰፈሩ ዘዴውን አወቀ። ጥላው ከመታጠፊያው ብቅ ሲል የሚበላው ጉርሻውን ይተዋል፣ የተኛው ይነሣል፣ ማግ ያለቀበት እንኳ ቁጭ ብሎ ባዶውን ይመታል። መንደሩ የሰርግ ቤት መሰለ። ነጋዴውም እንዲህ ተሠርቶልኝ አያውቅም እያለ ደስ ብሎት ይመለስ ነበር።

አንድ ቤት ብቻ ዝም አለ። የአንድ ጎልማሳ ሸማኔ ቤት ነው፤ አልጋ የያዘች እናት አለችው። ነጋዴው ሁለት ሳምንት ሙሉ ቢመላለስ ኮሽታ አልሰማም። በመጨረሻ ክሩን ነጥቄ ለሌላ እሰጣለሁ ብሎ ቆርጦ በሩን ገፍቶ ገባ። ለዚያ ሰው ክሩን መነጠቅ የእናቱን ጉሮሮ መዝጋት ነበር።

ሸማኔው እናቱን ደግፎ አጥሚት ሲያጠጣት አገኘው። ከአልጋው ራስጌ አራት ወርድ ተሠርቶ ታጥፏል፤ ጥብቅ ያለ፣ ጠርዙ ያልተዛነፈ። ነጋዴው በእጁ ዳሰሰው።

«ይኼን መቼ ሠራኸው?»

«ጎህ ሲቀድ እቀመጣለሁ፣ ጌታዬ። እርስዎ የሚያልፉት እናቴን በማበላበት ሰዓት ነው።»

«ታዲያ እኔ ሳልፍ እንደ ጓደኞችህ ብትመታው ምን ነበረበት?»

«ድምፁን የሚለብሰው የለም ብዬ ነው።»

ነጋዴው ከዚያ ወጥቶ በየቤቱ እየገባ የሠራችሁትን አሳዩኝ አለ። ከሁሉ አብልጦ ሲያንኳኳ የከረመው ገና አንዱን ወርድ አላጋመሰም። ሊቆጣ ከጀለና ተወው፤ ከበሮውን ያስመታቸው እሱ ራሱ መሆኑ ገብቶት አፈረ።

ሌላም ነገር አየ። ከተለያየ ቤት የመጣው ወርድ አንዱ ጠብቆ ሌላው ላልቶ አልገጥም አለ። በአንድ ቤት ሳሉ አንዱ የሌላውን አመታት እየሰማ እጁን ያስተካክል ነበር። የዚያ ሰፊ ቤት ትልቁ ጥቅሙ ይኼ ነበር፤ ነጋዴው ግን በሩ ላይ ተቀምጦ የሚያዛጋ ሲቆጥር ኖሯል።

በዚያው ቀን ጥላውን ሰቀለ። ሐሙስ ሐሙስ ሁሉም የሠራውን ይዞ በሰፊው ቤት ውሃ ባልደረሰበት ጥግ እንዲሰበሰብ አደረገ። ወርዶቹ ጎን ለጎን ይዘረጋሉ፣ ያላላው የጠበቀውን ይዳስሳል፣ ይጠይቃል፣ ይሳሳቃሉ፤ ከዚያ በየቤታቸው ይመለሳሉ። ከአጥር ሥር ዳግመኛ አልቆመም። ሠላሳው ጋቢ ለመስቀል አራት ቀን ሲቀረው ደረሰ። ውሃው ሲጎድልም የፈለገ ወደ ሰፊው ቤት ይምጣ አለ። ቤታቸው በልጆች ጫጫታ የሚታመስባቸው አምስቱ መጡ፤ የቀሩት በየቤታቸው ሠሩ። የዚያ የጎልማሳው እናትም በልጇ እጅ እየበላች ፋሲካን አየች።

ልጄ ወርቅነህ፣ ሠራተኞቼ ከቤታቸው ሆነው በኮምፒውተር ሲሠሩ ድርጅቴ ይጠቀማል ወይስ ይከስራል ብለህ ጠየቅኸኝ። አንተ ግን በየሰዓቱ እየደወልክ፣ በስልክህ ላይ «ሥራ ላይ ነው» የምትለዋ አረንጓዴ ነጥብ በርታለች ጠፍታለች እያልክ አጥር ሥር ቆመሃል። እነሱም ነጥቧን ያበሩልሃል፤ ምን ቸገራቸው? መቀራረብ የሚፈልግ ሥራ አለ፣ እሱን አልክድህም፤ ለእሱ ቀን ቁረጥለትና ሰብስባቸው። የቀረውን እመናቸውና የሠሩትን እይ። አንዷን ሠራተኛህን ስልኬን አታነሣም ብለህ ልታሰናብታት የጻፍከው ደብዳቤ ኪስህ ውስጥ መሆኑን አውቃለሁ። ከመፈረምህ በፊት የዚህን ወር ሥራዋን አስመጣና ቁጭ ብለህ ተመልከተው። ካልሠራች ፈርም። ከሠራች ግን ቅደደውና፣ ደውለህ እንዴት ከረምሽ በላት።