ነቀፌታ ያልተገኘበት ኮምፒውተር

በሰንበሌጥ ሜዳ ከተማ ሰው በሬ ሲገዛ፣ ቤት ሲከራይ፣ ልጁን ሲድር በአፉ የሚያዘወትራት አንዲት አጭር አባባል አለች። የዛሬ ልጆች ከጥንት አባቶች የወረደች ትመስላቸዋለች። አይደለችም። የተወለደችበትን ቀን አውቃለሁ፤ ከማን አንደበት እንደ ወጣችም አውቃለሁ። ለመወለዷ ምክንያት በሆነው ስሕተት ላይ የእኔም ፊርማ ስላለበት፣ ነገሩን ሳላሳምር እናገራለሁ።

አቶ ዘርጋው ወልደ ጻድቅ በከተማችን ፍርድ ቤት በር ላይ ሠላሳ ዓመት የተቀመጡ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። የባለጉዳዩን ብሶት ሰምተው፣ ፍሬውን ከገለባው ለይተው፣ በጽሕፈት መኪናቸው አቤቱታ አድርገው ያወጡታል። በ«ሠ» ቦታ «ሰ» የጻፈ ባልደረባ ካገኙ ሦስት ቀን ሰላምታ ይነሡታል። ከዕለታት አንድ ቀን አቤቱታ ሁሉ በኮምፒውተር ተጽፎ ይቅረብ የሚል ማስታወቂያ በበሩ ላይ ተለጠፈ። አቶ ዘርጋውም ቆመው አነበቡት፤ ሁለት የፊደል ግድፈት አረሙበት፤ ከዚያም ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ሊገዙ ቆረጡ።

እንደ ማንም ሰው ዘው ብሎ መግዛት ግን የእሳቸው ወግ አልነበረም። አንድ ሉህ ወረቀት ለሁለት ከፍለው በአንደኛው ወገን «ምስጋና»፣ በሌላው «ነቀፌታ» ብለው ጻፉ። እኔንና ሁለት የዕድር ሽማግሌዎችን በምስክርነት ይዘው ወደ ኮምፒውተር ነጋዴው ወደ ኑረዲን ሱቅ ገቡ። ሱቁ መስኮት የሌለው፣ በቀትርም አምፖል የሚበራበት፣ ቀዝቃዛ ጓዳ ነበር።

ምርመራው ተጀመረ። ኮምፒውተሩ ተመዘነ፤ ከጽሕፈት መኪናው ሩብ እንኳ አልሞላም፤ ምስጋና። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ተጻፉ፤ ሦስቱም በየመልካቸው ወጡ፤ የአቶ ዘርጋው ዐይን እንባ አቀረረ፤ ምስጋና።

«ባትሪው ስድስት ሰዓት ይቆያል» አለ ኑረዲን።

«ቃል አይበቃም፤ ገመዱን ንቀል።»

በካርቶን ላይ ተቀምጠን ስድስት ሰዓት ጠበቅን። ምሳችንን እዚያው በላን። ቆየ፤ ምስጋና። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የኮምፒውተሩ ድምፅ ቀጭን ነው ብለው ነቀፌታ ሊያስመዘግቡ ቢሞክሩ አቶ ዘርጋው፣ «አቤቱታ አይዘፈንም» ብለው ሰረዙት።

ኑረዲን የዋህ ነጋዴ ነበርና፣ «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ውጭ አውጥተው ይዩት እንጂ» አላቸው።

«ዕቃ የሚመረመረው በጠረጴዛ ላይ ነው። ይዤው አደባባይ ልዙር? ፍየል ነው እንዴ?»

በነቀፌታው ወገን «አልተገኘበትም» ተብሎ ተጻፈ። ሦስታችንም ፈረምን። የጽሕፈት መኪናውንም በማግሥቱ ገጠር ላለ ትምህርት ቤት በስጦታ ሰደዱት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ። የአቶ ዘርጋው ወንበር ያለው ደጅ ላይ ነው። አጠገቡ የነበረው ግራር ለመንገድ ማስፊያ ከተቆረጠ ወዲህ ቦታው ጥላ የለውም። ለወረቀት ግን ፀሐይ ወዳጅ እንጂ ጠላት አልነበረችምና፣ ከአራታችን አንድ ሰው እንኳ ይህን አላሰበም።

ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ውድነሽ ዳምጤ ከገጠር ደረሱ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የባላቸው ወንድም የመስኖ መሬታቸውን በፍርድ ወስዶባቸዋል። የይግባኙ ጊዜ የሚያበቃው በዚያው ዕለት፣ የሬጅስትራሯ መስኮት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲዘጋ ነው። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶባቸው ነው የዘገዩት።

«ይደርሳል?» አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

«እኔ ዘንድ የቀረበ ይግባኝ ቀርቶ አያውቅም። ይቀመጡ።»

አቶ ዘርጋው ኮምፒውተሩን በጉልበታቸው ላይ ከፈቱ። በስክሪኑ ላይ ሰማይ ታየ። የፍርድ ቤቱ ነጭ ግንብ ታየ። የገዛ ጢማቸው ታየ። ፊደል የሚባል ግን አልታየም።

ወይዘሮ ውድነሽ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። «አቤቱታዬ የታል?»

«እዚህ ላይ ነው።»

«እዚህ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ሻሼም ተጣሟል» አሉና አስተካከሉት።

በአጠገባቸው የሚቀመጠው፣ አቤቱታውን ግን ሻይ ቤት ገብቶ በኮምፒውተር የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ ይልቃል ሳቁን መግታት አቃተው። «ጋሼ ዘርጋው፣ ጢም ለመላጨት ነው እንዴ የገዙት? ይልቅ ሻይ ቤት ገብተው ይጻፉ።»

«የሰው ገመና ሻይ ቤት አይዘረገፍም!» አሉት፤ ጀርባቸውም ይበልጥ ቀና አለ።

ጃንጥላ ዘረጉ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ስለ ነበር ከሥሩ ገባች። ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ፤ ግንቡ ራሱ ሁለተኛ ፀሐይ ሆነ። ሰዓቱ ዘጠኝ አለፈ። ወይዘሮ ውድነሽ መሬታቸው ከእጃቸው ሲወጣ እየታያቸው የለበሱትን ጋቢ ጫፍ ያሻሹ ጀመር።

«እሜቴ፣ ጋቢዎን ይስጡኝ» አሉ አቶ ዘርጋው።

ጋቢው የሟቹ ባላቸው ነበር፤ ወፍራም፣ አራት እጥፍ። አቶ ዘርጋው ከራሳቸው እስከ ጉልበታቸው ከነኮምፒውተሩ ተከናነቡት። በጨለማው ውስጥ ፊደላቱ ወለል ብለው ወጡ። እውነቱን እናገር ዘንድ፣ ምስጋና ብለን የፈረምንበት ሁሉ ልክ ነበር፤ «ሠ»ም «ሰ»ም በየቦታቸው ቆሙ፤ ባትሪውም አልከዳም። ወይዘሮ ውድነሽ ወደ ጋቢው እጥፋት ጎንበስ ብለው ጉዳያቸውን ይነግራሉ፤ ከውስጥ የቁልፎቹ ኳኳታ ይመልስላቸዋል።

እኔ ለእግር ጉዞ ወጥቼ የደረስሁት በዚህ ጊዜ ነበር፤ የቀደመውን ኋላ ይልቃል ነው ያጫወተኝ። አንዲት መንገደኛ ቆም ብላ፣ «እግዚአብሔር ይማርዎ አባቴ! በባሕር ዛፍ ነው በዳማከሴ የሚታጠኑት?» ብላ ጠየቀች።

«ይግባኝ ነው!» አለ ጋቢው።

አቶ ዘርጋው ለትንፋሽ ብቻ ብቅ እያሉ፣ ላባቸው በአፍንጫቸው እየተንጠባጠበ፣ አንድም ነጥብ ሳያጓድሉ ጻፉት። ይልቃል «አሁንስ ይተዉት፣ ልብዎ ይቆማል» ቢላቸው፣ «ከቆመ በኋላ ቀስቅሰኝ» ብለው ተመልሰው ገቡ። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ጋቢው ተገለጠ። ጽሑፉን በፍላሽ ይዘው ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሮጡ፤ ያን ሰው ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወረፋ የያዙትም ፊታቸውን አይተው መንገድ ለቀቁላቸው።

ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው አቶ ዘርጋው፣ ወይዘሮ ውድነሽና እኔ መስኮቱ ሥር ቆመን ነበር። ሬጅስትራሯ ገጾቹን አገላብጣ፣ ቀኑን አይታ ማኅተሙን አሳረፈችበት። ከዚያ ቀና ብላ አቶ ዘርጋውን ተመለከተች፤ ኮታቸው ከጀርባቸው ጋር ተጣብቋል።

«አቶ ዘርጋው፣ ምን ሆነው ነው? ከወንዝ ነው የወጡት?»

«የጽሑፉን እንጂ የጸሐፊውን መልክ አይመርምሩ» አሉና ዞር አሉ።

ወይዘሮ ውድነሽ ግን ማኅተም ያረፈበትን ቅጂያቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አጥብቀው፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ እያሉ ስለ ጸሐፊያቸው መለሱላት፦ «ምን ይሁኑ ልጄ፤ በጥላ የመረጡት፣ በፀሐይ መስተዋት!»