በሦስት ሺህ ፊደል የሚዘጋው ሳጥን

ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ «በቃህ» የሚለው ማን ነው? ትርሲት ይህን ጥያቄ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ይዛው ትዞራለች። ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ኮምፒዩተር ሳይንስ ተማረች፣ አራት ዓመት ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጣ ወፋፍራም መጻሕፍት አነበበች፤ መልሱን የያዘ ግን አላገኘችም። ሰው ፊት መናገር ስለምትፈራ ማንንም አልጠየቀችም።

እንግዲህ ተረት ነው፤ ላም የለበትም፣ በረትም የለበትም። ያለበት አንድ ሳጥን ነው፤ እሱም ቢሆን እንጨት አይደለም። በወረዳው ፍርድ ቤት ኮምፒዩተር ላይ የምስክርና የተከራካሪ ቃል የሚጻፍበት ነጭ የጽሑፍ ሳጥን ነው። ትርሲት ደግሞ የፍርድ ቤቱ የኮምፒዩተር ባለሙያ ናት።

አንድ ረቡዕ ጠዋት እማማ ደብሪቱ የሰጡትን ቃል ግልባጭ ይዘው መጡ።

«አንብቢልኝ ልጄ። ዓይኔ ከድቶኛል።»

ትርሲት አነበበችላቸው። ሽማግሌ ነገርን ከሥሩ ነው የሚጀምረው። አያታቸው ማሳውን ከማን ጋር ሆነው እንደመነጠሩት፣ ወሰኑ ላይ ያለውን ዋርካ ማን እንደተከለው፣ ወንድማቸው በየትኛው ክረምት እንደሞተ፤ ሁሉም ተጽፏል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «አዎ፣ በኪራይ ወረቀቱ ላይ ያለው የአውራ ጣቴ አሻራ ነው» ይላል።

«ቀሪውስ?»

«ይኸው ነው እማማ። አልቋል።»

«እኔ መች አለቅኩ? የማዳበሪያ መቀበያ ነው ብሎ አታሎኝ ነው አላልኩም? ከረጢቱ ላይ ዘርግቶ፣ እጄን ይዞ አስነካኝ አላልኩም? እሱን የት ጣላችሁት?»

ውሳኔው የፊታችን ማክሰኞ ነው። ወረቀቱ ከጸና፣ ተከራይቻለሁ የሚለው ባለ ትራክተር ማሳቸውን ሃያ አምስት ዓመት ያርሰዋል። እማማ ደብሪቱ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተናገሩት ሁሉ ይጻፍላቸው።

ትርሲት ወደ ጸሐፊዋ ወደ አስካለ ሄደች። ችሎት ላይ የተቀዳውን ድምፅ ከፍተው ሰሙት። ማዳበሪያው አለ፣ ከረጢቱ አለ፣ የተያዘው እጅ አለ። አስካለ እንደገና መጻፍ ጀመረች። ሦስት ሺህ ፊደል ላይ ስትደርስ ኮምፒዩተሩ «ጢን» አለ፤ ከዚያ በኋላ ጣቷ ይሮጣል እንጂ አንድ ፊደል አይገባም።

«እትዬ አስኩ፣ ይህንን ጢን ሰምተሽው አታውቂም?»

«በምን ጆሮዬ? ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነው፣ ዓይኔ ጣቴ ላይ ነው። አምስት ዓመት እንዲህ ነው የጻፍኩት።»

«ቀሪውን በወረቀት ብናያይዘውስ?»

«ዳኞቹ የሚያነቡት ስክሪኑን ነው። ተለጣፊ ወረቀት አይቆጠርም።»

ትርሲት ሳጥኑን «ሳጥን ሆይ፣ የእማማ ደብሪቱን ቃል ተቀበል» አለችው። ሳጥኑ «ሦስት ሺህ በልቻለሁ። ከዚህ በላይ አልጎርስም። የለካኝ ቅጹ ነው፤ ሂጂና ቅጹን ጠይቂ» አላት። ሳጥኑ ቃሉን አልቀበልም አለ፤ የእማማ ደብሪቱም ቃል ሜዳ ላይ ቀረ።

ሳጥኑ የተሰካበትን ቅጽ «ቅጽ ሆይ፣ ሳጥኑን አስፋው» አለችው። ቅጹ «እኔ እንደተሰፋሁ ነኝ። የሰፋኝ ፕሮግራሙ ነው» አላት። ቅጹ ሳጥኑን አላሰፋም አለ፤ ሳጥኑ ቃሉን አልቀበልም አለ፤ የእማማ ደብሪቱም ቃል ሜዳ ላይ ቀረ።

ፕሮግራሙን «ቅጹን እዘዘው» አለችው። የፕሮግራሙን ማከማቻ ገልጣ ስታየው መዓት ቦታ አለው፤ ጎተራው ባዶ ሆኖ አፉ ነው የጠበበው። ፕሮግራሙ ግን «እኔ ተቆልፌ ነው የመጣሁት። ቁልፌን ኃላፊሽ ያስመጡ» አላት። ፕሮግራሙ ቅጹን አላዝም አለ፤ ቅጹ ሳጥኑን አላሰፋም አለ፤ ሳጥኑ ቃሉን አልቀበልም አለ፤ የእማማ ደብሪቱም ቃል ሜዳ ላይ ቀረ።

ኃላፊዋ አቶ ሙሉሰው ሐሙስ ከሰዓት ተገኙ።

«ትርሲትዬ፣ አንቺ ደግሞ መጽሐፍ አብዝተሻል። አምስት ዓመት ማንም ያላለውን።»

«አምስት ዓመት ማንም ስላልሰማው ነው።»

«የሚሠራ ነገር አይነካም። የግድ ካልሽ ለሸጠው ድርጅት ደውዪ። እኔም አምና ደውዬላቸው አላነሡም።»

አቶ ሙሉሰው ፕሮግራሙን አላስነካም አሉ፤ ፕሮግራሙ ቅጹን አላዝም አለ፤ ቅጹ ሳጥኑን አላሰፋም አለ፤ ሳጥኑ ቃሉን አልቀበልም አለ፤ የእማማ ደብሪቱም ቃል ሜዳ ላይ ቀረ።

ትርሲት ስልክ ስትደውል ያልባታል። ቢሆንም ደወለች፤ ሰባት ጊዜ። በስምንተኛው አንድ ሰውዬ አነሣ።

«እህቴ፣ የጥገና ውላችሁ ሰኔ ላይ አልቋል። ያለ ውል ጣታችንን አናስገባም። ደግሞስ ሴትዮዋ አጠር አድርገው ቢናገሩ ምን ነበረበት?»

ትርሲት ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ድርጅቱ አቶ ሙሉሰውን አልሰማም አለ፤ አቶ ሙሉሰው ፕሮግራሙን አላስነካም አሉ፤ ፕሮግራሙ ቅጹን አላዝም አለ፤ ቅጹ ሳጥኑን አላሰፋም አለ፤ ሳጥኑ ቃሉን አልቀበልም አለ፤ የእማማ ደብሪቱም ቃል ሜዳ ላይ ቀረ።

የጥገና ውሉን ከመደርደሪያ አውርዳ አቧራውን አራገፈች። «ውል ሆይ፣ ድርጅቱን አስገድደው» አለችው። ውሉ «ጊዜዬ አልፏል፤ የሚያድሰኝ የፍርድ ቤቱ የግዢ ኮሚቴ ነው» አላት። ውሉ ድርጅቱን አላስገድድም አለ፤ ድርጅቱ አቶ ሙሉሰውን አልሰማም አለ፤ አቶ ሙሉሰው ፕሮግራሙን አላስነካም አሉ፤ ፕሮግራሙ ቅጹን አላዝም አለ፤ ቅጹ ሳጥኑን አላሰፋም አለ፤ ሳጥኑ ቃሉን አልቀበልም አለ፤ የእማማ ደብሪቱም ቃል ሜዳ ላይ ቀረ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰኞ ጠዋት ሦስቱም ተገኙ። ትርሲት በሩ ላይ ቆማ ያጠናችውን ተናገረች። ሰብሳቢው እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለሉ ሰሟት።

«ቃል ተቆርጧል ነው የምትይው። የተቆረጠውን መዝገቡ ላይ አሳዪን።»

«መዝገቡ ላይማ የለም። የተቆረጠው እሱ ነው።»

«መዝገቡ ላይ ከሌለ ማስረጃ የለሽም። ሳጥኑ ውስጥ አስገብተሽው ነይና እናየዋለን።»

«እንዲገባ እኮ ነው የመጣሁት።»

«ስብሰባ አለብን፣ የኔ እህት።»

ደሟ ፈላ። ኮሚቴው ውሉን አላድስም አለ፤ ውሉ ድርጅቱን አላስገድድም አለ፤ ድርጅቱ አቶ ሙሉሰውን አልሰማም አለ፤ አቶ ሙሉሰው ፕሮግራሙን አላስነካም አሉ፤ ፕሮግራሙ ቅጹን አላዝም አለ፤ ቅጹ ሳጥኑን አላሰፋም አለ፤ ሳጥኑ ቃሉን አልቀበልም አለ፤ የእማማ ደብሪቱም ቃል ሜዳ ላይ ቀረ። ቀነ ቀጠሮው ደግሞ ነገ ነው።

ተመልሳ ከሳጥኑ ፊት ተቀመጠች። እማማ ደብሪቱ አግዳሚው ላይ ሆነው ያዩዋታል።

«እንዴት ሆንሽ ልጄ?»

«እያዞሩኝ ነው እማማ። ሁሉም ወደ ላይ ይልከኛል።»

«ወደ ላይ የሚልክ ሰው እንዳትመለሺ ፈልጎ ነው። እኛ አገር ወንዝ ሲዘጋ ከሥር ነው የሚከፈተው።»

ትርሲት ሳጥኑን አየችው። ሳጥኑ ለካ የፕሮግራሙ ልጅ አይደለም። ፕሮግራሙ የተዋሰው ነው። ስክሪን ላይ የሚታይ ሳጥን ሁሉ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ ከሥር ሆኖ ኮምፒዩተሩን በሙሉ የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ለእያንዳንዱ ሳጥን ቁጥር ይሰጣል፤ በቁጥሩ የሚጠራው ካገኘ ደግሞ የፕሮግራሙን ደጅ ሳይጠና መልእክት ያደርሳል። ይህንን ሦስተኛ ዓመት ላይ አንብባዋለች። ይህን ሁሉ ቀን የበላዮችን ስትለምን፣ የበታቹን አልጠየቀችውም።

በራሷ ተናደደች። ከዚያ መጻፍ ጀመረች። አሥራ አንድ መስመር የማትሞላ ትንሽ ፕሮግራም ናት። ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሁለት ጥሪ ታቀርባለች። የመጀመሪያው «ያንን ሳጥን ፈልግልኝ፣ ቁጥሩን ስጠኝ» ይላል። ሁለተኛው «ለዚህ ቁጥር ባለቤት ንገርልኝ፤ ልኩ ሦስት ሺህ መሆኑ ቀርቷል» ይላል።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ «አቤት» አለ። «ስለዚህ ሳጥን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።»

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሳጥኑን ጠራው። ሳጥኑ አፉን ከፈተ።

«እትዬ አስኩ፣ ጻፊ። ዓይንሽን ከስክሪኑ እንዳትነቅዪ።»

አስካለ ጻፈች። ሦስት ሺህ አለፈ፣ ጢን የለም። ማዳበሪያው ገባ፣ ከረጢቱ ገባ፣ የተያዘው እጅ ገባ። ትርሲት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው።

«አሁን አለቅኩ» አሉ እማማ ደብሪቱ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ያስቃል፤ ያናድዳልም። ቃሉ መዝገቡ ላይ ስለታየ ኮሚቴው ማስረጃ ተገኘ አለ፤ ኮሚቴው ውሉን አደሰ፤ ውሉ ድርጅቱን አስገደደ፤ ድርጅቱ አቶ ሙሉሰውን ሰማ፤ አቶ ሙሉሰው ፕሮግራሙን አስነኩ፤ ፕሮግራሙ ቅጹን አዘዘ፤ ቅጹ ሳጥኑን አሰፋ፤ ሳጥኑ ግን ከሰፋ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ዳኞቹም በማክሰኞው ችሎት ቃሉን እስከ መጨረሻው አንብበው፣ የኪራይ ወረቀቱን ሽረዋል። እማማ ደብሪቱ ማሳቸው ላይ ናቸው።

ትርሲት ግን ንዴቷ አልበረደም። ማከማቻው ውስጥ ገብታ ልክ ሦስት ሺህ ፊደል ላይ የቆሙትን ቃሎች ፈለገች። አርባ ሦስት ሆኑ። ተናጋሪዎቹ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ነገርን ከሥሩ የሚጀምሩ።

አቶ ሙሉሰው ዝርዝሩን አይተው በሩን ዘጉ።

«የተዘጋ መዝገብ አይነካካም። ሳጥኑን ያሰፋው ድርጅቱ ነው በይና ዝም በይ። ለአንቺም ይሻልሻል።»

«ድምፃቸው አለ እኮ። ሁሉም ተቀድቷል።»

«ትርሲት። ዝም በይ ነው ያልኩት።»

አርባ ሦስት ሰው ተናግሮ አልጨረሰም፤ ሳጥን ሞላብኝ አለ፣ ቅጽ እንደተሰፋሁ ነኝ አለ፣ ፕሮግራም ተቆልፌያለሁ አለ፣ አሁን ደግሞ ሰው «ዝም በይ» አለ። ትርሲት ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ማመልከቻውን ጻፈች፤ አርባ ሦስቱን ስም ከነመዝገብ ቁጥራቸው፣ የእያንዳንዱ ቃል የተቆረጠበትን ዓረፍተ ነገር አስከትላ። ከሥሩ የራሷን ስም አስፍራ ፈረመች። በአቶ ሙሉሰው በኩል ላታሳልፈው፣ ነገ ጠዋት በእጇ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ልትሰጥ፣ መልስ እስኪመጣ ሳትጠብቅም ከአስካለ ጋር የመጀመሪያውን ድምፅ ከፍታ ከተቆረጠበት ቦታ መጻፍ ልትጀምር ወሰነች።